ከኦዳ ጥላ ሥር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በቡሌ ሆራና በያቤሎ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚወርደው አውራ ጎዳና፣ ሜጋን ካለፈ በኋላ የሚያበቃው ሞያሌ ላይ ነው። ሞያሌ አንድ ስም ይዛ በሁለት ሰንደቅ ዓላማ ሥር የምትኖር ከተማ ናት፤ ገሚሷ የኢትዮጵያ፣ ገሚሷ የኬንያ ናትና። የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራውን የድንበር ኬላ በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. መርቀው የከፈቱትም መንገደኛው ሰነዱን በአንድ ቦታ ብቻ አስመርምሮ እንዲያልፍ በማሰብ ነው። እኛም ደንቡን ጠብቀን ተሻገርንና በዚያው በኬንያ ወገን ወደምትገኘው ወደ ኦዳ አመራን።

ኦዳ በኦሮምኛ ሾላ ማለት ነው። በኦሮሞ ዘንድ ሾላ እንዲሁ ዛፍ ብቻ አይደለም፤ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ ጠብ የሚበርድበት፣ ሕግ የሚነገርበት ጥላ ነው። ማርኮ ባሲ የተባሉት ኢጣሊያዊ ምሁር ስለ ቦረና ጉባኤዎች የጻፉትን መጽሐፍ «ውሳኔ በጥላ ሥር» ብለው መሰየማቸው ያለ ነገር አይደለም። እኛ ግን ቀትር ላይ ስለደረስን ሾላ ለመምረጥ ጊዜ አልነበረንም፤ ያገኘነው ግራር ነበርና እርሱኑ ተጠለልን። በጥላው ሥር አንድ አዛውንት ቀድመውን ተቀምጠው ነበር። ከመካከላችን ኦሮምኛ የሚያውቀው የሃምሳ አለቃ ሰላምታችንን አደረሰልን፤ ወዲያውም ወተት የበዛበት ሻይ መጣ።

ጨዋታው የተጀመረው በእሳት ነው። ከእኛ አንዱ ሲጋራውን ለኩሶ ክብሪቱን ሊጥል ሲል አዛውንቱ ፈገግ አሉና፣ «እሳትንስ እኛም እናውቅበት ነበር» አሉ። ነገሩን ሲያብራሩልን፣ የቦረና አርቢ በዱሮ ዘመን ዝናብ ከመምጣቱ በፊት የግጦሹን መሬት በልክ ያቃጥል ነበር። እሳቱ ቁጥቋጦውን ያቀጭጫል፣ መዥገሩን ይፈጃል፣ ከዝናቡ በኋላም ለጋ ሣር ይበቅላል። በኢትዮጵያ ወገን ግን በ1960ዎቹ ማብቂያ ገደማ ቃጠሎ በመንግሥት ተከለከለ። ከልካዮቹ ለደን ያሰቡ ሰዎች እንደነበሩ አንጠራጠርም። ይሁንና እሳቱ ሲጠፋ እሾሃማው ቁጥቋጦ ነገሠ፤ ሣሩን አፈነው፤ ከብቱም መሰማሪያ አጣ። ለመከልከል የተጻፈ ወረቀት ነበረ፤ የአርቢው ዕውቀት ግን በጥላ ሥር በቃል ይነገር እንጂ የውሳኔ ሰዎች በሚያነቡት መደርደሪያ ላይ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተጽፏል። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ያሳተሙት መጽሐፍ አለ። በአዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ቦረና ግጦሽ፣ ከብትና ቁጥቋጦ ከአሥር ዓመታት በላይ የተደረገውን ጥናት በአንድ ጥራዝ አሳትሟል። ቱላ የተባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች፣ ሰዎች እንደ መሰላል ተደራርበው እየዘፈኑ ውኃ የሚያቀባበሉባቸው፣ በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ስፍራ አግኝተዋል። የከብቱን የመጠጫ ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋም እንዲሁ። በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ ላይ ተሰብስቦ ሕጉን የሚያድሰው የቦረና ሕዝብ ስለ ራሱ የተጻፈውን ማንበብ የሚችልበት ቦታ ግን እምብዛም ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ መደርደሪያው በከተማ!

መጽሐፍ ወደ አርቢው ሊሄድ አይችልም የሚል ካለ ወደ ጋሪሳ ይመልከት። የኬንያ ብሔራዊ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያ በረሃ መጻሕፍትን በግመል ማዞር ጀመረ። አንዱ ግመል በሳጥን የታጨቁ መጻሕፍት፣ ሌላው ድንኳን ተሸክሞ ይጓዛል፤ ድንኳኑ ከጥላ ሥር ይተከላል፣ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ግመል ነዳጅ አይጠጣም፤ መኪና በማይደፍረው አሸዋም ያልፋል። በአገራችንም አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የከፈቱት የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ስሙ «ሾላ» ነበር። ኋላም በሐዋሳ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ዞረዋል። ሾላና ኦዳ አንድ ዛፍ መሆናቸውን ስናስተውል ደስ አለን።

እዚህ ላይ ለቤተሰብ ዓምዳችን ተከታታዮች አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። የቦረና ሴት የወተት ዕቃዋን ከዕፅዋት ሥር ክር ጎንጉና ትሠራለች፤ ወተቱ እንዳይበላሽም በተመረጠ እንጨት ጢስ ታጥነዋለች። የትኛው እንጨት ለዕጣን፣ የትኛው ለጥላ ተብሎ እንደማይቆረጥ ታውቃለች። እኛ ከደጋ ወደዚህ የተመደብን ባልና ሚስት ግን ለምድጃችን ያገኘነውን ሁሉ ስንቆርጥ ኖረናል። ይህን የሚነግረን መጽሐፍ በጦር ሰፈራችን የንባብ ክፍል ውስጥ ፈልገን አጥተናል፤ ጎረቤታችንን ብንጠይቅ ግን ከአንድ ሲኒ ቡና ባልበለጠ ጊዜ በነገረችን ነበር።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በቦረና ምድር እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። አዛውንቱ የራሳቸውን አልቆጠሩልንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። የተጻፈላቸውን መጽሐፍ ነገር ስናነሣላቸው ግን ጆሯቸውን አቀኑ።

«ስለ እሳቱም ተጽፏል?»

«ተጽፏል፣ አባታችን።»

«የት ነው ያለው?»

«አዲስ አበባ።»

ሻያቸውን ጨለጡና ሲኒውን አስቀመጡ። «ልጆቼ፣» አሉ፣ «እዚያ ከብት የሚጠብቅ ሰው አለ?»

የሃምሳ አለቃው ጥያቄውን ተርጉሞልን መልሳችንን ይጠብቅ ጀመር። እኛም እርስ በርሳችን ተያየን።