ከልደታ እስከ ዝዋይ፦ በእቁብ ብር የተገዛ ማጥመጃ

“ልደታ ላይ ሐይቅ የለ፣ ዓሣ ያለበት ወንዝ የለ፤ ዓሣ ማጥመድን ምን አመጣው?” ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ልደታ ያለው ቤተክርስቲያኑ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ኮንዶሚኒየሙና የከተማው ባቡር ነው። ግን ወዳጆቼ፣ ዓሣው የሚያዘው ዝዋይ ይሁን እንጂ ብሩ የሚባክነው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ዘንግና ክር ሲገዛ! እናም የዛሬው ጨዋታችን ኪሱ ሳሳ ያለ ሆኖ ዓሣ ማጥመድ ለከጀለ ወጣት ነው።

ነገሩን ያመጣችው ጎረቤቴ ናት። ፍርድ ቤቱ አካባቢ ማመልከቻ በኮምፒዩተር እየጻፈች የምታድር ልጅ ናት። አባቷ ተግባረ ዕድ ተምረው ዕድሜያቸውን በቶርኖ ላይ የጨረሱ ባለሙያ ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ በር ላይ ቁጭ ብለው የሚያወጓቸው ሰዎች ሁሉ ተበታተኑ። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ጭራሽ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ ተዉ። በረንዳ ላይ ወንበር፣ ሬዲዮ፣ ዝምታ። ልጅቷን እንቅልፍ የነሳት ይኼ ነው።

አንድ ቀን ካናዳ ያለው ወንድሟ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ዓሣ ሲያጠምድ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከ። ዘንጉ ረጅም፣ መጠቅለያው ክብ፣ ያለ ከልካይ የሚሽከረከር። አባት ቪዲዮውን ደጋግመው አዩና “ይኼ እኮ ኩሽኔታ ላይ የተቀመጠ ከበሮ ነው! ምን ተአምር አለው?” አሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ የተናገሩት ነገር ይኸው ሆነ።

በማግስቱ ደረጃው ላይ ያዘችኝ። “ጋሼ፣ አንተ ዝዋይ ትመላለስ የለ? እቁብ ደርሶኛል። ያንን ነገር ለአባባ ልግዛለት?”

“ቆይ እስቲ፣ ብሩን አትንኪው” አልኳት።

ሴንተርፒን ምንድን ነው?

ስሙ አያስደንግጣችሁ። ሌሎቹ የክር መጠቅለያዎች፣ ሪል የምንላቸው፣ በሆዳቸው ጥርስና ስፕሪንግ አለ፤ አብዛኞቹም ፍሬን አላቸው። ሴንተርፒን ግን መሀሉ ላይ አንድ ፔርኖ፣ ፔርኖው ላይ የሚዞር ከበሮ፣ አለቀ! ፍሬኑ የገዛ አውራ ጣታችሁ ነው። እጀታውን አንዴ ስታዞሩ ከበሮውም አንዴ ብቻ ይዞራል። ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በአንድ ዙር 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ክር ይሰበስባል።

እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኖቲንግሃም ላይ፣ በትሬንት ወንዝ፣ ከእንጨት ተሠርቶ ይጠቀሙበት ነበር። ብልሃቱ እንዲህ ነው፦ ወንዙ ቡሹን ይዞ ሲወርድ ከበሮው በነጻ እየዞረ ክር ይለቃል። ትሉም በውኃው ፍጥነት ዓሣው አፍ ዘንድ ይደርሳል። ካናዳዎች ስቲልሄድ የሚሉትን ትራውት የሚያጠምዱት በዚህ ነው። እኛም አገር ትራውት አለ። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተራብቷል።

ልብ በሉ፣ ሴንተርፒን የሚሄድ ውኃ ዕቃ ነው። ዝዋይ ደግሞ ሐይቅ ነው። ለጀማሪ ግን ይሠራል፤ ምክንያቱም ሐይቁ አማካይ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ሩቅ መወርወር አያስፈልግም። ቢሾፍቱን የመሰለው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቅ ግን ዳሩ ቶሎ ስለሚጠልቅ ሌላ ጉዳይ ነው።

ብሩን የት እናውለው?

ቅዳሜ ከልደታ በባቡር ሰባተኛ ወረድንና መርካቶ ምናለሽ ተራ ገባን። አንዱ ነጋዴ የሚያብረቀርቅ መጠቅለያ አወጣ። “ኦርጅናል ነው፣ እህቴ! ይኼን ካልገዛሽ ምን ልትገዢ ነው?” ልጅቷ ቦርሳዋን ልትከፍት ስትል ክንዷን ያዝኳት።

የእኔ ሂሳብ ይኸውላችሁ። ከ100 ብር 50ውን ለዘንግ፣ 20ውን ለክር፣ 10ሩን ለመንጠቆ፣ ለቡሽና ለእርሳስ አውሉ። ለመጠቅለያው የቀረው 20 ይበቃዋል። ምነው ቢሉ፣ ዓሣው የሚያገኘው መንጠቆና ክሩን ነው፤ ጉልበቱን የሚችለው ዘንጉ ነው። መጠቅለያው ክር ማስቀመጫ ነው። ሰው ግን የሚያብረቀርቀውን አስቀድሞ ይገዛና በርካሽ ክር ዓሣውን ያጣል።

ዘንግ ስትገዙ እስከ ጫፉ ዘርግታችሁ አናጺ ጣውላ እንደሚያይ ባንድ ዓይን ተመልከቱት። ለሴንተርፒን 4 ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ደግሞ ጥጥ ይዛችሁ ሂዱና አንድ በአንድ አሳልፉባቸው። ጥጡን የያዘ ቀለበት የተሰነጠቀ ነው፤ ክራችሁን ይበላዋል።

ክር ፀሐይ ላይ የከረመ ይበጣጠሳል። ጫፉን ቋጥራችሁ ሳብ አድርጉት፤ በቀላሉ ከተበጠሰ “አመሰግናለሁ” ብላችሁ ሂዱ። ለቆሮሶ 0.25 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ለአምባዛ 0.40 ያዙ። መንጠቆ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ ለቆሮሶ 8 ወይም 10 ቁጥር ደህና ነው። ጫፉን ጥፍራችሁ ላይ ጎተት አድርጉት። ከቧጠጠ ስለት አለው፤ ከተንሸራተተ ደንዟል።

ያገለገለ ሴንተርፒን ካገኛችሁ ደግሞ ሦስት ነገር ፈትሹ። ከበሮውን በጣት መትታችሁ ልቀቁት፤ ለረጅም ጊዜ በዝምታ ከዞረ ጤነኛ ነው። ሲዞር አሸዋ እንደገባበት ከተንኮሻኮሸ ኩሽኔታው አልቋል። ጠርዙን ይዛችሁ ወዲህ ወዲያ ስትሉት ከተወዛወዘ ፔርኖው ተበልቷል።

የምናለሽ ተራው መጠቅለያ በሁለተኛው ፈተና ወደቀ። ዘንግ፣ ክርና መንጠቆ ብቻ ይዘን ተመለስን።

አባት ወረዱ

“ከበሮውስ?” አሉ አባት ዕቃውን አይተው።

“ጋሼ፣ ጥሩው ውድ ነው፤ ርካሹ አይረባም” አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። “ልኬቱን ንገረኝማ” አሉ። ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ማመልከቻ ወረቀት ጀርባ ላይ ነደፉት። ድሮ ያስተማሩት ልጅ ተክለሃይማኖት አካባቢ ቶርኖ ቤት ከፍቷል። በማግስቱ በከዘራቸው አራቱን ፎቅ ወርደው ሄዱ! ልጅቷ ከፎቅ ላይ ሆና እስኪሰወሩ ታያቸው ነበር።

ቁርጥራጭ አሉሚኒየም ከምናለሽ ተራ ተገዛ። የሮለር እስኬት ጎማ ውስጥ ያለው ዓይነት፣ ውስጡ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት ኩሽኔታ ተገኘ። ወፍራሙን ግራሶ በቤንዚን አጥበው ቀጭን ዘይት ጠብ አደረጉበት። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። በሦስቱ ሳምንት የቶርኖ ቤቱ ልጆች ሻይ እያስመጡ “ጋሼ፣ ይኼንንስ እንዴት ነው የምንቆርጠው?” ይሏቸው ጀመር።

ከዚያ ሌሊት ተነስተን ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ዝዋይ። ባቱ ትባላለች አሁን፤ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ፔሊካኑና አባ ኮዳው ዓሣ አጥማጆቹን ከበው ሲለማመጡ ማየት ብቻውን የትራንስፖርቱን ዋጋ ይከፍላል። ቡሻቸው ከአሮጌ ሸበጥ የተቆረጠ ነው። ክሩን በእጃቸው እያረዘሙ ቀስ ብለው ወዘወዙና ለቀቁት። ነፋሱ ቡሹን ሲወስድ ከበሮው ዞረ። አባት ዓሣውን ረስተው ከበሮውን ያያሉ!

እስከ ሰባት ሰዓት አራት ቆሮሶ ያዙ። ልጅቷ “አባባ፣ አይበቃንም?” ስትል “አንቺ ሂጂ፤ እኔ ገና ነኝ” አሏት።

ከእቁቡ ምን ያህል እንደወጣ ጠየቅኳት። ግማሹ እንኳ አልተነካም። አባት ግን አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት አይገኙም። “ቀጥሎ የሚሄድ ውኃ እንሞክር” እያሉኝ ነው፤ አዋሽን ከቆቃ በታች ማለታቸው ነው።

ለሚሄድ ሰው ሦስት ማሳሰቢያ ልስጥ። ዝዋይ ጉማሬና ቢልሃርዚያ ስላለ ከዳር ሆናችሁ አጥምዱ፤ ውኃ ውስጥ አትግቡ። አዋሽ አዞ አለበት፤ የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ አትቅረቡ። ደግሞም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባል ሕግ አለና ስለ ፈቃድ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ብር ያጠራችሁ እንደሆነ በሸምበቆና በአንድ መንጠቆ ጀምሩ። መጠቅለያው ይደርሳል። ቸር እንሰንብት!