ስለ ሰጥቶ መቀበል

ወጣቶች ሆይ፤ ከአሳቡ ፈቀቅ የማይል መሪ ሁልጊዜ የሚመሰገን ይመስላችኋልን? እኔም ቀድሞ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ይህን እምነቴን ያናወጠው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት የወይዘሮ ቴሬዛ ሜይ ታሪክ ነው። ዘመኑን የምቈጥረው እንደ ኤውሮፓውያን ነው።

የብሪታንያ ሕዝብ ከኤውሮፓ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቈይ ተብሎ ጁን 23 ቀን 2016 በተጠየቀ ጊዜ፥ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ ከመቶው 52 ያህሉ «እንውጣ»፥ 48 ያህሉ «እንቈይ» አለ። ወይዘሮ ሜይ ራሳቸው እንቈይ ከሚሉት ወገን ነበሩ፤ በጁላይ ሥልጣን በያዙ ጊዜ ግን የራሳቸውን አሳብ ትተው ሕዝብ የፈረደውን ለመፈጸም ተነሡ። እስከዚህ ድረስ ነቀፋ የለባቸውም። ነገር ግን አገር እኩል ለመሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ለሁለት ከተከፈለ፥ ለተሸነፈው ወገን ምን ይተውለት ብሎ መጠየቅ የመሪ የመጀመሪያ ተግባር ነው። እርሳቸው ግን በጃኑዋሪ 2017 ከኅብረቱ የጋራ ገበያ እንወጣለን ብለው በአደባባይ ተናገሩ፤ በዚያው ዓመት በጁን ምርጫ አስደርገው በምክር ቤት የነበራቸውን የድምፅ ብልጫ ካጡ በኋላ እንኳ ከዋናው ተቃዋሚ ወገን ጋራ ለመመካከር አልቸኰሉም። እኔም በዚያን ጊዜ ጽናታቸውን ከሚያደንቁት አንዱ ነበርሁ።

ከኅብረቱ ጋራ የተዋዋሉት ውል ጃኑዋሪ 15 ቀን 2019 ለምክር ቤቱ ሲቀርብ 202 ሰዎች ደገፉት፥ 432 ተቃወሙት። በማርች ሁለት ጊዜ ደግሞ ቀርቦ ሁለት ጊዜ ወደቀ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ኤፕሪል 1 ቀን የሆነው ነው። ምክር ቤቱ መውጫ መንገድ ሲፈልግ ድምፅ ከሰጠባቸው አሳቦች አንዱ፥ ብሪታንያ ከኅብረቱ ወጥታ በጉምሩክ ግን አንድ ትሁን የሚል ነበር። 273 ደገፉት፥ 276 ተቃወሙት። መውጣትን ከሚጠሉት አንዳንዶቹ ሁሉን እናገኛለን ብለው ግማሹን ጣሉ፤ ሚኒስትሮቹም ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። ውሳኔው በራሱ ሕግ አይሆንም ነበር፤ ቢሆንም ሦስት ድምፅ! በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ቍጥር ነው።

በማግሥቱ ወይዘሮ ሜይ የተቃዋሚውን ወገን መሪ ጄረሚ ኮርቢንን ለምክር እንደሚጠሩ አስታወቁ። ነገር ግን ውሌን ካጸደቃችሁልኝ ሥልጣኔን እለቃለሁ ብለው ለወገኖቻቸው አስቀድመው ነግረው ነበር። ነገ ከሚሄድ ሰው ጋራ ዛሬ የሚዋዋል ማን ነው? ከስድስት ሳምንት በኋላ ኮርቢን የመንግሥቱን ድካም አንዱ ምክንያት አድርገው ንግግሩን አቋረጡ።

አንድ ሳምንት ቈይተው ወይዘሮ ሜይ ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። በዚያ ንግግራቸው፥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት 669 ሕፃናትን ከቼኮዝሎቫኪያ ያዳኑት ሰር ኒኮላስ ዊንተን፥ ሰጥቶ መቀበል የሚያሳፍር ቃል አይደለም ብለው መክረዋቸው እንደ ነበር ተናገሩ። ዊንተን የሞቱት በ2015 ነው። ምክሩ እንግዲህ ሥልጣን ከመያዛቸው በፊት በእጃቸው ነበር።

ንግግሩን ሲፈጽሙ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ፊታቸውን መልሰው ወደ ቤት ገቡ። በአጠገቤ የነበሩት ሣቁባቸው። እኔ ግን ሳደንቀው የነበረው ጽናት ትዝ አለኝና ዝም አልሁ።