አጋንንትን በጠራ ምስል ማየት

በወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ የሚነሱ ጥያቄዎች አንዳንዴ የሚጀምሩት ከስልክ ነው። አንድ ወንድም «‹ዘ ኤክሶርሲስት› የተባለው ፊልም 50 ዓመት ሲሞላው በፎር ኬ ጥራት ታድሶ ወጥቷል፤ አማኝ ቢያየው ምን አለበት?» ብሎ ጠየቀን። ከጎኑ የተቀመጠች እህት ቀበል አድርጋ «በድሮው ካሴት እንደዚያ ያስፈራ የነበረ፣ በዚህ ጥራትማ እንዴት ሊሆን ነው!» አለች። ተሳቀ። እኛ ግን ሁለቱንም ንግግር በቁም ነገር ወሰድናቸው። የተወደዳችሁ አንባቢዎቻችን፣ ዛሬ የምንጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው።

ፊልሙን ለማታውቁት ባጭሩ እንንገራችሁ። ዳይሬክተሩ ዊልያም ፍሪድኪን ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ ለእይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1973 ማብቂያ ነው። ታሪኩ ዊልያም ፒተር ብላቲ በ1971 ካሳተመው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ብላቲ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በ1949፣ የካቶሊክ ቄሶች በሜሪላንድ ለሚኖር አንድ ልጅ ስላደረጉት አጋንንት የማስወጣት ጸሎት ጋዜጣ ላይ አንብቦ ነበር። በልብ ወለዱ ልጁ በሴት ልጅ ተተካ፤ ከተዋናይት እናቷ ጋር የምትኖር የ12 ዓመት ልጅ። ሐኪሞቹ መርምረው መርምረው ሲያቅታቸው ሁለት ቄሶች ይጠራሉ። ፊልሙ ለ10 ኦስካር ታጭቶ 2 አሸንፏል፤ አንደኛው በድምፅ ነው።

በእኛ ዕድሜ ያለ የከተማ ልጅ እንዲህ ያሉ ፊልሞችን ያወቀው በቪዲዮ ቤት ነው። ካሴቱ ከካሴት የተቀዳ፣ ያም ከሌላ የተቀዳ ነው። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ መስመር ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፣ ጨለማው ጨለማ ብቻ ነው። በክፍሉ ጥግ አንድ ነገር ይላወሳል፤ ምን እንደሆነ ግን አይለይም። የጎደለውን የሚሞላው የተመልካቹ ሐሳብ ነበር። ግማሹ ፍርሃት ከፊልሙ፣ ግማሹ ከካሴቱ መጣ ብንል ማጋነን አይሆንብንም። (እንግሊዞች ራሳቸው ይህን ፊልም ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ እስከ 1999 ድረስ በቪዲዮ እንዲሸጥ አልፈቀዱም ነበር። ሲኒማ ቤት ገብቶ ማየት ሌላ፣ ሳሎን ውስጥ መገኘቱ ሌላ ሆኖባቸው ነው።)

ከዚያ ዲቪዲ መጣ፣ በ2010 ብሉ ሬይ፣ በ2023 ደግሞ ወጣቱ የጠየቀን ፎር ኬ። ታዲያ ምስሉ ሲጠራ ምን ታየ? ከቄሶቹ አፍ የሚወጣው እንፋሎት ጥርት ብሎ ይታያል፤ ያ እንፋሎት እውነተኛ ነው፤ ለቀረጻው የተሠራውን መኝታ ክፍል በማቀዝቀዣ ከበረዶ በታች አቀዝቅዘውት ነበር። የልጅቱ ፊት ላይ ያለው ቁስል ዲክ ስሚዝ የተባለ የሜካፕ ባለሙያ እጅ ሥራ ነው። የአጋንንቱ ድምፅ ሜርሴዲስ ማካምብሪጅ የምትባል አንጋፋ ተዋናይት ጉሮሮ ነው። ጥራቱ በጨመረ ቁጥር ጎልቶ የሚወጣው የሰው ሙያ ነው እንጂ ሰይጣን አይደለም። ለዚያች እህት የምንመልስላት ይህን ነው፦ ፍርሃቱ ከጥራቱ ጋር አይጨምርም፤ ምናልባትም ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን አለ። እናቲቱ በልጇ ተመትታ ወደ ኋላ የምትወድቅበት ትዕይንት ላይ ተዋናይቷን ኤለን በርስቲንን በገመድ ስበው ነው የጣሏት። ጀርባዋ እንደተጎዳና ጩኸቷም የእውነት እንደነበር ራሷ ተናግራለች። ያ ጩኸት አሁንም ፊልሙ ውስጥ አለ። ከትወናው ሁሉ መካከል ያን ጊዜ የታየው ሕመም ትወና አልነበረም፤ ተመልካቹም ሳያውቅ በሰው ሕመም ተዝናና። ይህን ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

በእኛ አስተያየት የፊልሙ ትልቁ ቃል አጋንንቱ ሲጮህ የሚሰማው አይደለም። ሁለቱ ቄሶች ደክሟቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ለምን ይህች ልጅ ተመረጠች ብለው ይነጋገራሉ። የታላቁ ቄስ መልስ በእኛ አነጋገር እንዲህ ነው፤ ዒላማው ልጅቱ ብቻ አይደለችም፣ አጠገቧ ቆመን የምናያት ጭምር ነን። ሰውን አዋርዶ፣ እንስሳ አስመስሎ ያሳየናል፤ እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ፍጥረት ሊወድ አይችልም ብለን ተስፋ እንድንቆርጥ። ፍሪድኪን ይህን ንግግር በ1973 ቆርጦ አውጥቶት ነበር። ብላቲ ግን የታሪኩ ልብ ነው እያለ ተከራከረ፤ በ2000 በወጣው ረዘም ያለ ቅጂ ውስጥ ተመለሰ። ካሴቱን ያየ ሰው ያላገኘው እንግዲህ የምስል ጥራት ብቻ አልነበረም።

በፊልሙ መጨረሻ ግን አንስማማም። ቄሱ አጋንንቱን ወደ ራሱ ጠርቶ በመስኮት ይወረወራል። ስለ ሌላው ራሱን የሰጠ ሰው ማየት ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ያ ቦታ ተይዟል፣ ስለ እኛ የሞተው አንድ ነው።

ወንጌሉን እንክፈት። በማርቆስ 9 ላይ ያለው ልጅ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ አረፋ ይደፍቃል። ጌታ ፊቱን ወደ አባትየው አዙሮ ይህ ከጀመረው ስንት ጊዜ ሆነው ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ ቁጥር 25ን በጥንቃቄ አንብቡ፤ ሕዝቡ እየሮጠ ሲሰበሰብ ባየ ጊዜ ነው መንፈሱን የገሠጸው። እኛ ይህን የምናነበው፣ ልጁ መታያ ከመሆኑ በፊት ጌታ ፈጠነለት ብለን ነው። በምዕራፍ 1 ደግሞ አጋንንትን እንዲናገሩ አልፈቀደላቸውም። ስማቸውንና ታሪካቸውን ለሕዝብ እንዲያወሩ ማይክ አልያዘላቸውም።

በምዕራፍ 5 በመቃብር መካከል ይኖር የነበረው ሰው ይጮህ ነበር፣ ሰንሰለት ይበጥስ ነበር፣ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ማርቆስ ሕዝቡ ፈሩ የሚለን ግን መቼ ነው? ልብስ ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት፣ ተቀምጦ ባዩት ጊዜ። ራቁቱን የነበረ ሰው ልብስ ከየት አገኘ? ወንጌሉ አይነግረንም፤ አንድ ሰው ግን አልብሶታል። የለበሰና የተቀመጠ ሰው ቪዲዮ ዛሬ ስንት ተመልካች ያገኛል?

ይህን የምንጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጉባኤ ላይ ሲጸለይላት የወደቀች እህት ቢሯችን መጣች። በወደቀችበት ሰዓት ጮኻለች፣ ልብሷ ተገልጧል። አንድ ሰው በክንድ ርቀት ቆሞ በስልኩ ቀርጿታል። ጥራቱ ያማረ ነው፣ ፊቷ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ካሴት ቢሆን ኖሮ ማን እንደሆነች ባልታወቀ ነበር። የልጇ የክፍል ጓደኞች አይተውት ልጁ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሏል። አንገቷን ደፍታ «መጋቢ፣ ርኩሱ መንፈስ ለቆኛል፤ ቪዲዮው ግን አልለቀቀኝም» አለችን።

ቪዲዮውን ከለጠፉት መካከል አንዱን አግኝተን አነጋገርነው። «ለጌታ ክብር ነው» አለን። ብዙ ሰው አይቶ «አሜን» እንዳለበትም አሳየን። እኛም አየነው። ጸሎቱ ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። ከሰባቱ ደቂቃ ስድስቱ የእሷ ጩኸትና መውደቅ ነው፤ ተነሥታ የቆመችበት ጥቂት ሰከንድ ሲሆን እሱም መሐሉ ላይ ተቆርጧል። ደረጃው ላይ የተቀመጡት የልብ ወለድ ቄስ የተናገሩት ትዝ አለን። ሰውን አዋርዶ የማሳየቱን ሥራ እኛው በስልካችን ጨርሰንለታል።

ፊልሙን ስለጠየቀን ወንድምም ይህን እንበል። ከዛር ቤት ወይም ከጠንቋይ ደጅ ወጥቶ ገና የሚንቀጠቀጥ ወገን ካለ፣ በካሴትም በፎር ኬም አይየው፤ ጨዋታ አይሆንለትም። ለሌላው ሕግ አናወጣም። ብላቲ ስለ እምነት እንደጻፈው ይናገር ነበር፤ ያን አስቦ የሚያየው ሰው የደረጃውን ንግግር እንዳያልፈው። የፊልሙ ልጅ ቀረጻው ሲያበቃ ሜካፑን ታጥባ ወደ ቤቷ የገባች ተዋናይት ናት። በስልካችሁ የሚመጣላችሁን ግን ከመክፈታችሁ በፊት የማን ልጅ፣ የማን እናት እንደሆነች ጠይቁ።

በአጥቢያችን አሁን በጸሎት ሰዓት ስልክ በር ላይ ይቀራል። ሁለት እናቶች ነጠላ ይዘው ይቆማሉ፤ የወደቀ ካለ ይሸፍኑታል፣ ሲነሣም ውኃ ይሰጡታል። አንዳንዶች «አገልግሎቱ ቀዘቀዘ» ብለው ሄደውብናል። የእህታችን ቪዲዮ ካነጋገርነው ሰው ገጽ ላይ ወርዷል፤ ሌሎች ሁለት ገጾች ላይ ግን እስከ ትናንት ማታ ነበረ። ለባለቤቶቹ እየጻፍን ነው።