በዓመት 2 ቀን

ቡሬ የማውቃት አንዲት እንጀራ ጋጋሪ አለች። መድኃኒቱ እዚያው ቡሬ እያለ እሷ ግን ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄዳ ነው የምትወስደው። ለምን ቢሉ፣ የአሠሪዋ ዘመድ ካርድ ክፍል በር ላይ ቢያያትስ? አሠሪዋ ስለ ሌላ ሰው «እሱ የነካውን ማን ይበላል?» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች።

ወገን፣ ኤችአይቪ በሊጥም በእንጀራም አይተላለፍም። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ አያስተላልፍም። ሕጉም ግልጽ ነው፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በኤችአይቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል።

ግን «በቫይረሱ ምክንያት አሰናበትኩሽ» የሚል አሠሪ የት አለ? «ገበያ ቀዘቀዘ» ይላል፤ ወይም «አንቺ ልጅ፣ መቅረት አበዛሽ» ይላል። በዚህ ላይ ማን ይከሳል? ማንስ ይመሰክራል?

ዛሬ ጤናው የተረጋጋ ታካሚ የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ መውሰድ ይችላል። ስለዚህ ከአሠሪ የሚፈለገው በዓመት 2 የፈቃድ ቀን ነው። ሠራተኛህ ስታስፈቅድህ «እሺ፣ በሰላም ተመለሽ» በላት። የት እንደምትሄድ አትጠይቃት።