ርካሽ ቤት፣ ውድ ጎረቤት

ከጋይንትም ሆነ ከስማዳና ከእስቴ ለወጣ መምህር፣ ቤተሰብን ወደ ከተማ ማዘዋወር የዕቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዕቃው ባንድ ቀን ይጫናል፤ ሰው ግን ሥር አለው። ውድ እጩ መምህራን፣ ነገ እናንተንም ስለሚገጥማችሁ እኛ ያየነውን ባጭሩ እናካፍላችሁ።

በ2001 ዓ.ም. ከላይ ጋይንት ወደ ጎንደር ስንዛወር አምስት ነፍስ ነበርን፤ እኛ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆችና አሮጊት እናታችን። ደመወዙ ያንድ መምህር ነው። እናታችን ከነፋስ መውጫ አልነቃነቅም ብለው አስቸገሩን። «በሰው አገር ብሞት ማን ይቀብረኛል?» አሉ። የቀልድ አልነበረም፤ እኛም መልስ አልነበረን።

ቤት ስናፈላልግ፣ በአዲሱ ሰፈር ላንዲት ክፍል የተጠየቅነው ኪራይ እጨጌ ቤት ሁለት ክፍልና ትንሽ ጓሮ አስገኘልን። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. በቆረቆሩት ከተማ፣ እጨጌ ቤት የእጨጌው መቀመጫ ነበር፤ በዘመነ መሳፍንት ሸሽቶ የገባ ሰው የሚማጸንበት ሰፈር ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰፈር ለምን ረከሰ? የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ለብዙ ዓመት ዝቅ ብሎ ስለቆየ ድኻው ከመሀል ከተማ ሳይወጣ ኖረ። በዚያ ገንዘብ ግን ጣራ አይጠገንም፤ ቤቱም ሰፈሩም አብረው አረጁ። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ የተመዘገበው ግንቡ እንጂ በዙሪያው ያለው የጭቃ ቤት አልነበረም።

የኛም ቤት ከዕድሜው አላመለጠም። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ ጣራው በእናታችን አልጋ ላይ አፈሰሰ፤ ግድግዳውም ተላጠ። ሲሚንቶ ልንገዛ ስንነሳ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ከለከሉን። «የጭቃን ግድግዳ ሲሚንቶ ያፍነዋል፤ እርጥበቱ ውስጡ ይቀራል፣ ኋላ ተላቅቆ ይወድቃል» ብለው፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተን እንድንመርግ አሳዩን። ልጆቹ ረገጡ፣ ጎረቤት ለሰነ፤ በሁለት ቅዳሜ አለቀ።

በዚያው ሰሞን ቡና የጠሩን ሴቶች ለእድሩ ነገሩልን። የመግቢያውን በሁለት ጊዜ ከፍለን ገባን። እናታችን አንድ ቀን የሰፈር ሰው አስቀብረው፣ ድንኳን ውለው ሲመለሱ፣ «እንግዲህ እኔም የሚቀብረኝ ሰው አገኘሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ነፋስ መውጫ የሚያነሱት ስለ ድንቹና ስለ ብርዱ ብቻ ሆነ።

ይህን የመሰለ ነገር ከቤቱ ጋር አብሮ ይፈርሳል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲነሱ፣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። አዲስ ቤት ያገኘ አለ፤ እድሩንና ቡና ጠጪውን ግን እንዳለ ይዞ የሄደ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ቤት ስትከራዩ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ጣራው በክረምት እንዴት ነው? ውኃ በስንት ቀን ይመጣል? እድሩስ እንግዳ ይቀበላል? ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጣል። የሚያፈስ ጣራ በቆርቆሮ ይበጃል፤ ጎረቤትን ግን በመምህር ደመወዝ ቀርቶ በሌላም ገንዘብ የሚሸጥ የለም።