«የድሮ ነው» አይበቃም!

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፍቅር ነው፤ ያውም ከአሮጌ ብስክሌት ስለሚይዝ ፍቅር! አትሳቁ እንጂ። እቁብ የወጣለት ሰው ዓይኑ ምን ያህል ቶሎ እንደሚማረክ የወጣለት ያውቀዋል።

አንድ ጓደኛዬን የታክሲ ሰልፍ አንገሸገሸውና የእቁብ ብሩን ይዞ አሮጌ የእንግሊዝ ራሌ ሊገዛ ተነሳ። ኮርስ የምንለው የውድድሩ አይደለም፤ እቃ ተጭኖበት ረጅም መንገድ እንዲሄድ የተሠራው ነው። «ና እስቲ እየው» ብሎ እኔንም ጎትቶ ወሰደኝ። ሻጩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። «ልጆቼ፣ ይሄ አንቲካ ነው፤ ዛሬ አይገኝም» አሉን። ውሸት አልተናገሩም። ግን የማይገኝ ነገር ሁሉ ወርቅ ነው እንዴ? የማይገኝ ጎማም አለ እኮ!

ከዋጋ በፊት ቁመት ይቅደም። የላይኛውን ብረት በእግራችሁ መሃል አድርጋችሁ፣ ሁለቱንም ተረከዝ መሬት አስነክታችሁ ቁሙ። ከብሽሽታችሁ እስከ ብረቱ ሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ከሌለ በቃ ተዉት። ኮርቻ ይወጣል ይወርዳል፤ ዋናው ብረት፣ ቴላዮው ግን አያጥርም። ከዚያ ተቀመጡና መሪውን ያዙ። ክርናችሁ ትንሽ መታጠፍ አለበት። ተንጠራርታችሁ ከያዛችሁት ማታ ወገባችሁ ይናገራል።

ጓደኛዬ በእግሩ ጣት ቆሞ «ምንም አይል፣ ይለመዳል» ይለኛል! እናንተዬ፣ መብራት ላይ፣ የጭነት መኪና ጎን፣ በጣት ቆሞ እንዴት ይሆናል? «አይሆንህም» አልኩት። ሳይገዛ ተመለሰ፤ እኔን ግን ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። ያኩርፍ! ኩርፊያ ይበርዳል፤ የተሰበረ እግር ግን እንዲህ በዋዛ አይድንም።

ልካችሁ ከሆነስ? ከመሪው አንገት ሥር ያለውን ብረት በጣታችሁ ዳብሱት። ቀለሙ ከተሸበሸበ ወይም ከተሰነጠቀ ተጋጭቷል ማለት ነው። «ሬይኖልድስ 531» የሚል ምልክት ካያችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ ጠንካራና ቀላል የብረት ዓይነት ነው፤ ግን ምልክት ሊለጠፍ ይችላል፣ ግጭትንም አይጠግንም። የኮርቻውን ዘንግ አላሉና ከፍ ዝቅ አድርጉት። ዝጎ ከተጣበቀ ማላቀቁ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ጎማውን አሽከርክሩት፤ ቸርኬው ቢወላገድ ታዩታላችሁ።

የጎማውን ጎንም አንብቡ። የዚያ ዘመን ብዙዎቹ 27 ኢንች ናቸው፤ የቸርኬው ልክ 630 ሚሊ ሜትር ነው። የዛሬው 700 የሚባለው ደግሞ 622 ነው። በ8 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለያያሉ፤ አንዱ ጎማ ግን ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጎማው ይገኝ እንደሆነ አጠያይቁ።

ዋጋ የመጨረሻ ወሬ ነው። ጎማው፣ ካቴናው፣ ፍሬኑ ስንት እንደሚፈጅ ብስክሌት ጠጋኝ ጠይቁና፣ ያንን ከደህናው ብስክሌት ዋጋ ላይ ቀንሱ። የቀረው ነው እውነተኛ ዋጋው። ለአንቲካነቱ የሚከፍል ሰው ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ይችላል፤ እናንተ ግን የምትገዙት ልትነዱት ነው!