የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ስለ መምረጥ

ለሥራችን አዲስ ኮምፒዩተር በተሰጠን ጊዜ ድረ ገጽ የምናዘጋጅበትን ፕሮግራም መምረጥ ግድ ሆነብን። አንዳንዶች ኪራይ የሚከፈልበትን ድሪምዊቨርን፥ ሌሎችም ያለ ዋጋ የሚገኘውን ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድን አመሰገኑልን። እኛ ግን ከዋጋው አስቀድመን ፊደሉን መረመርን፤ ምክንያቱም ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ከመመዝገቡ በፊት፥ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ስለዚህ የአማርኛውን «ቀ» እና የአፍ መፍቻችን የትግርኛን «ቐ» ጽፈን፥ ገጹን በዩቲኤፍ 8 አስቀምጠን፥ በሌላ ኮምፒዩተርና በስልክ ከፍተን አየነው። ሁለቱም ፕሮግራሞች ፊደሉን ሳያፋልሱ ጠበቁ፤ እኛም ያለ ዋጋ የሚገኘውን መረጥን። በሩቅ ያለ ባለጉዳይ የሚያነበው ማስታወቂያውን እንጂ ፕሮግራሙን አይደለምና።